ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለ መንፈሳዊ ዝግጅት ነው። ለዚህም የመረጥነው ምሳሌ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም፤ ይኸውም የእሽቅድምድም ፈረሶች ከታላቁ ውድድር በፊት የሚያደርጉት የማለዳ ልምምድ ነው። ቅዱሳን አባቶቻችን ከእርሻው፣ ከመረቡና ከሩጫው ሜዳ ምሳሌ እየወሰዱ እንዳስተማሩን እናውቃለን። ስለዚህ እኛም በምንኖርበት ከተማ በዓይናችን ካየነው ነገር ብንማር ነውር አይሆንብንም ብለን እናምናለን።

የምንማርባት የኬንታኪዋ ሉዊቪል ከተማ በዓለም የምትታወቀው በፈረስ ነው። ቸርችል ዳውንስ በተባለው ሜዳ ከ1875 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የኬንታኪ ደርቢ ይደረጋል። ጊዜውም በልማድ በፈረንጆች ሜይ ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። የሚወዳደሩት ሦስት ዓመት የሞላቸው ፈረሶች ናቸው፤ ቁጥራቸውም ቢበዛ ሃያ ነው። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁሉም ነገር በሁለት ደቂቃ ግድም ያልቃል። አንድ ፈረስ ይህን ውድድር በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሮጠው። ለሁለት ደቂቃ ሲባል ግን ስንት ወራት፣ ስንት ማለዳ!

በ2016 ዓ.ም. አንድ አስገራሚ ነገር ገጠመን። 150ኛው ደርቢ የተደረገበት ሚያዝያ 26 ቀን ቀዳም ሥዑር ሆኖ ዋለ። በከተማው ሁሉ ስለ ፈረስ ሲወራ እኛ ሰሙነ ሕማማትን ልንጀምር ነበር። ከመካከላችን ለትምህርቱ ወጪ እንዲሆነው በጋጣ ውስጥ ፈረስ እየመራ የሚሠራ አንድ ወንድም አለ። እርሱም፣ «ከሕማማቱ በፊት አንድ ማለዳ መጥታችሁ ልምምዱን ብታዩ ትማሩበታላችሁ» ብሎ ፈቃድ አወጣልን። ስለዚህም በሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ አምስት ሆነን ሄድን።

ነገሩን ሳንደብቅ እንናገር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን፣ ማንም ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከአጥሩ ዘንድ ቆመን ነበር። በዚያ ብርድ እጃችንን እያሻሸን ሳለን አንደኛው ወንድማችን፣ «ለኪዳን ጸሎት እንዲህ ቀድመን የደረስነው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮን አለና፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እርሱ ነው።

በዚያ ጨለማ ፈረሱ ገና ሳይታይ ኮቴው ይሰማል። ቀጥሎ ትንፋሹ እንደ ጢስ በመብራቱ ሥር ይታያል። ቀጥሎም አንገቱን ቀስሮ በፊታችን ሽው ብሎ ያልፍና እንደገና በጨለማው ይዋጣል። ጭብጨባ የለም፤ መቀመጫዎቹ ባዶ ናቸው። ከላይ ጥቂት ሰዎች ሰዓት ይዘው እያንዳንዱ ፈረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይመዘግባሉ። ልምምዱን የጨረሰው ፈረስ ገላው ይታጠባል፤ ብርድ ልብስ ይደረብለታል፤ ከዚያም ሰውነቱ እስኪበርድ ድረስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ በጋጣው ዙሪያ በእርምጃ ይመራል። ውኃም ቢሆን ጥቂት በጥቂት እንጂ ባንድ ጊዜ አይሰጠውም። በመጨረሻም ጠባቂው በርከክ ብሎ አራቱንም እግሮች በመዳፉ ይዳስሳል፤ የጋለ ቦታ ካገኘ ጉዳት አለ ማለት ነውና።

ጠቢቡ ሰሎሞን ፈረስ ለጦርነት ቀን እንደሚዘጋጅ፣ ድሉ ግን የእግዚአብሔር እንደሆነ አስተምሮናል (ምሳ. 21፥31)። እንግዲህ በዚህ ቃል መሠረት ያየነውንና ያነበብነውን በአራት ክፍል እንመልከተው።

ሀ/ ልክ ያለው ልምምድ

ወደዚያ ስንሄድ ፈረሶቹ በየማለዳው ባላቸው ኃይል ሁሉ የሚሮጡ መስሎን ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በአብዛኛው ቀን ፈረሱ የሚሄደው በሶምሶማ ወይም በቀላል ግልቢያ ነው። በፍጥነት የሚለቀቀው በሳምንት አንድ ቀን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ከ800 እስከ 1000 ሜትር፣ ማለትም የውድድሩን ግማሽ ያህል ነው። 1000 ሜትሩን በአንድ ደቂቃ ግድም ቢጨርስ መልካም ይባላል። ወንድማችን እንደነገረን አሠልጣኙ፣ በአገራችን አጠራር ባልደራሱ፣ ፈረሱ በዘገየ ጊዜ ከሚያዝነው ይልቅ ከታዘዘው በላይ በፈጠነ ጊዜ ይደነግጣል። ለውድድሩ ቀን የተጠበቀው ኃይል በማለዳ ፈሶ ይቀራልና። የአሜሪካ ፈረሰኞች በልምምድ ጊዜ የሚያስደንቀውንና በውድድር ጊዜ የሚጠፋውን ፈረስ በአንዲት አበባ ስም ይጠሩታል፤ አበባዪቱ ንጋት ላይ ፈክታ ረፋዱ ላይ የምትከደን ናት።

በዚያ ቀን አንዱ ፈረስ እንደ ቀስት ተወርውሮ ሲያልፍ አምስታችንም አፋችንን ከፈትን። «ይኸኛው ነው የሚያሸንፈው!» አልን። ወንድማችን ፈገግ አለ እንጂ መልስ አልሰጠንም። በውድድሩ ቀን ያ ፈረስ ከፊተኞቹ መካከል አልነበረም።

እኛስ ከዚያ ፈረስ በምን እንለያለን? በዘወረደ ሳምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ መቶ እንሰግዳለን፤ ዳዊቱን ሙሉውን እንድገም እንላለን። ደብረ ዘይት ላይ ስንደርስ ግን አንዲት አባታችን ሆይ ለመድገም እንኳ ጉልበት አጥተን እንገኛለን። ይህ የሚሆነው ጾሙ ከብዶን አይደለም፤ ልክ ሳይሰጠን በራሳችን ግምት ስለ ጀመርን ነው። የንስሐ አባት የተሰጠን ለዚህ ነው። ጥቂቱን አዝዞ በየዕለቱ እንድናደርገው የሚከታተለን፣ ስንፈጥን ልጓም የሚስብልን እርሱ ነው። ጠቢቡ የጻድቃንን መንገድ ሲመስለው ንጋት ላይ ጀምሮ ቀትር እስኪሆን እየጨመረ በሚሄድ ብርሃን መስሎታል (ምሳ. 4፥18)። ረፋድ ላይ የምትከደነውን አበባ አልመረጠም።

የዚህን ሜዳ አሳዛኝ ገጽታም ሳንጠቅስ አናልፍም። በ2023 እ.ኤ.አ. በአንድ ወር ግድም ውስጥ 12 ፈረሶች በቸርችል ዳውንስ ሞቱ፤ ውድድሩም ለጊዜው ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወረ። ጻድቅ ሰው የእንስሳውን ነፍስ እንደሚያስብ ተጽፏል (ምሳ. 12፥10)። በእንስሳ ጉልበት ላይ ገንዘብ የሚያስይዘው ቁማር ግን ስለ ነፍስ አያስብም። ከዕድሜ እኩዮቻችን መካከል በስልካቸው እየተወራረዱ የትምህርት ቤት ክፍያቸውን ያጡ አሉ። እኛም በዚያ ማለዳ «ይኸኛው ያሸንፋል» ያልነው በባዶ እጃችን ቢሆንም፣ የልባችን ዝንባሌ ወዴት እንደነበረ ስናስበው አፍረናል።

ለ/ በከንፈር ውስጥ የተሰወረ ቁስል

በዚህ ሜዳ ታሪክ ከታወቁት ፈረሶች ሁሉ የሚበልጥ ስም ያለው ሴክሬታሪያት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ከደርቢው ሁለት ሳምንት በፊት በኒው ዮርክ ተወዳድሮ ሳይታሰብ ሦስተኛ ወጣ። ብዙዎች ይህ ፈረስ ረጅም ርቀት አይችልም ማለት ጀመሩ። እግሩ ግን ጤነኛ ነበረ፤ ሳንባውም ጤነኛ ነበረ። ችግሩ ከላይኛው ከንፈሩ ውስጥ የነበረ እባጭ ነው። ልጓሙ በተሳበ ቁጥር ያመው ስለነበር እንደ ልማዱ ሊታዘዝ አልቻለም። እባጩ ፈርጦ ከዳነ በኋላ ወደ ደርቢው መጣ፤ ርቀቱንም በ1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከ2 አምስተኛ ጨረሰ። ይህ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሻረም። ከሁሉም የሚያስደንቀው ርቀቱ በአምስት እኩል ቢከፈል እያንዳንዱን ክፍል ከፊተኛው ፈጥኖ መሮጡ ነው። ሲነሣ ከኋለኞቹ መካከል ነበረ፤ እየዋለ ግን እየጨመረ ሄደ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ያ ፈረስ አልሰነፈም፤ ቆስሎ ነበር እንጂ። ከእኛም መካከል ድንገት ከጉባኤ የቀረ፣ ከመዝሙር የራቀ፣ ሲጠሩት የማይመልስ ወንድም ሲኖር ፈጥነን «ቀዘቀዘ፣ ዓለም ወሰደው» እንላለን። ከንፈሩን ገልጠን ያየን ግን ማን ነን? ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ፈረስ ልጓም ከተናገረ በኋላ ወዲያው ስለ አንደበት የተናገረው ያለ ምክንያት አይደለም (ያዕ. 3፥3-6)። ምናልባት ያንን ወንድም ያቆሰለው ከእኛው አንደበት የወጣ አንድ ቃል ይሆናል። እኛ ራሳችንም ብንሆን አንዲት የተሰወረች ኃጢአት ይዘን ጸሎቱ ለምን ከበደን፣ ቅዳሴው ለምን ረዘመብን ብለን እንደነቃለን። የፈረሱ ጠባቂ በየማለዳው እግሩን በመዳፉ እንደሚዳስስ እኛም በየማታው ኅሊናችንን እንዳስስ። የጋለውን ቦታ ስናገኝም ለንስሐ አባታችን እናሳይ። ቁስል በመደበቅ አይድንም።

ሐ/ ስሙ ያልተጠራው ፈረስ

በደርቢው የሚገቡት ሃያ ብቻ ስለሆኑ ከሃያ በኋላ ያሉት በተጠባባቂነት ይመዘገባሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሪች ስትራይክ የተባለ ፈረስ ከነዚህ ተጠባባቂዎች አንዱ ነበር። ባለቤቶቹ የገዙት በ30 ሺህ ዶላር ነው፤ ይህም በዚያ ሜዳ እንደ ትንሽ ዋጋ የሚቆጠር ነው። አሠልጣኙ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በጋጣው በተነሣ እሳት 23 ፈረሶች የሞቱበት ሰው ነበር። ይህ ፈረስ በየማለዳው ይታጠባል፤ ይለማመዳል፤ ይመራል። ሆኖም ስሙ ከተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። በዋዜማው ዓርብ ጧት የመዝገቡ መዝጊያ ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ፈረስ ወጣ፤ ሪች ስትራይክም ገባ። በማግሥቱ ከሁሉ ዳር ካለው ከሃያኛው በር ተነሥቶ፣ ከኋላ መጥቶ፣ ሁሉን ቀድሞ አሸነፈ። የሚያሸንፍ ይሆናል ብለው የገመቱት ከጥቂት በላይ አልነበሩም።

ይህን ታሪክ ሰምተን፣ «ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ ማለት ይህ ነው» ብለን ደስ ልንሰኝ እንችላለን። ነገር ግን ቆም ብለን እናስብ። በዚያ ዓርብ ሌላው ፈረስ ባይወጣስ? ያ ሁሉ ማለዳ ከንቱ ይሆን ነበርን? ደግሞስ በሌሎች ዓመታት እንዲሁ ተለማምደው ማንም ሳይጠራቸው የቀሩት ተጠባባቂዎች ብዙ አይደሉምን?

ይህን ስንጠይቅ አንዲት እኅታችን ትዝ ትለናለች። ስሟን አንጠቅስም። በዐቢይ ጾም ረቡዕ ረቡዕ ማታ ለትንሣኤ መዝሙር ስንለማመድ ከሥራ በቀጥታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣ አንድም ቀን ሳትቀር ትመጣ ነበር። ድምፅዋ ቀጭን ነው። በመጨረሻው ሳምንት ከፊት የሚቆሙትን ስንመርጥ አለፍናት። ምክንያቱንም አልነገርናትም፤ ከመካከላችን ሊነግራት የደፈረ አልነበረምና። በትንሣኤ ሌሊት ከኋለኛው መስመር ቆማ ዘመረች። ከበዓሉ በኋላ በነበረው ረቡዕ ከፊት ቆመው ከዘመሩት ብዙዎቹ አልመጡም። እርሷ ግን ከሁላችንም ቀድማ መጥታ ወንበር ስትዘረጋ አገኘናት።

የዚያን ማታ ማን ለቀኑ፣ ማን ለእግዚአብሔር እንደተለማመደ አወቅን። ጌታችን በስውር የሚያይ አባት በግልጥ እንደሚከፍል ነግሮናል (ማቴ. 6፥6)። በጨለማው ውስጥ ሰዓት ይዘው የሚመዘግቡ ሰዎች በሜዳው እንዳሉ ሁሉ፣ በእግዚአብሔርም ዘንድ ያልተመዘገበ ማለዳ የለም። ልባሞቹ ደናግል መብራታቸውን ያዘጋጁት ሰዓቱን አውቀው አልነበረም (ማቴ. 25፥1-13)። እኛ ግን ያቺን እኅት ያሳዘንን መራጮች፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሌሎች ሰብኮ ራሱ የተጣለ እንዳይሆን የፈራውን ፍርሃት (1ኛ ቆሮ. 9፥27) ልንፈራ ይገባናል።

መ/ ድሉ የማን ነው?

በቀዳም ሥዑር ማታ ነጠላችንን ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መንገዱ ከውድድሩ በሚመለስ ሕዝብ ተጨናንቆ ነበር። በዚያን ቀን በሜዳው ከ150 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቶ ነበር። ሴቶቹ አበባ ያለበት ሰፊ ባርኔጣ አድርገዋል። እኛ ደግሞ ቄጠማ በሌለበት አገር ጧት የታደለንን ሣር በግንባራችን አስረናል። እነርሱ እኛን ያያሉ፤ እኛም እነርሱን እናያለን። በሬዲዮ እንደሰማነው ሦስት ፈረሶች እኩል ደርሰው ነበር። ዳኞቹ ፎቶግራፉን መርምረው ሚስቲክ ዳን በአፍንጫው ያህል ቀድሞ አሸነፈ አሉ፤ በአንገቱም የቀይ ጽጌረዳ ጉንጉን ተደረገለት።

ጽጌረዳ በጥቂት ቀን ይጠወልጋል። ቀደም ብለን የጠቀስነው ሪች ስትራይክም ከደርቢው በኋላ ሌላ ውድድር አላሸነፈም። ሐዋርያው በሩጫ ሜዳ ሁሉ ሲሮጡ ዋጋውን የሚቀበለው አንዱ ብቻ እንደሆነ፣ እነርሱ ለሚጠፋው አክሊል ሲደክሙ እኛ ግን ለማይጠፋው እንድንሮጥ የነገረን ይህን የመሰለውን ሁሉ አይቶ ነው (1ኛ ቆሮ. 9፥24-25)። በእኛ ሩጫ ሌላው እንዲሸነፍ አያስፈልግም። ሃያ ብቻ ተብሎ የተቆረጠ ቁጥርም የለም፤ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣው እንኳ ዲናሩን ተቀብሏል (ማቴ. 20፥1-16)።

አባቶቻችን ፈረስን እጅግ ያከብሩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስም ሥዕል ያለ ነጭ ፈረሱ አይታሰብም። እንደዚህ ፈረስን የሚያውቁት እነዚያው አባቶች ግን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለው ተረቱ። ጾማችን፣ ስግደታችን፣ የመዝሙር ልምምዳችን ሁሉ ፈረስ ነው። ከደጁ ያደርሰናል። ፈረስ የሌለው አይደርስምና ልምምዱን ልንንቅ አይገባንም። ሞትን ድል የነሣው ግን ከእኛ መካከል ማንም አይደለም። በዚያች ሌሊት ካህኑ ትንሣኤውን ሲያበሥር ውጊያው አስቀድሞ አልቆ ነበር። እኛ የተጠራነው ድሉን ልንካፈል ነው። እግዚአብሔር በፈረስ ኃይል ደስ እንደማይለው ዳዊት ዘምሯል (መዝ. 146፥10)። እኛ በፈረሶቹ ፍጥነት በተደነቅንበት ማግሥት የሰማይና የምድር ንጉሥ በአህያ ውርንጫ ላይ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም መግባቱን አከበርን።

እንግዲህ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ነቢዩ ኤርምያስ ከእግረኞች ጋር ሮጦ የደከመ ከፈረሶች ጋር እንዴት ሊወዳደር እንደሚችል ተጠይቆ ነበር (ኤር. 12፥5)። ይህ ጥያቄ ለእኛም ነው። በሰላሙ ቀን አንዲት ማለዳ ካቃተን በመከራው ቀን ምን እንሆናለን? ስለዚህ ከትልቁ አንጀምር። እያንዳንዳችን ከንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደን ልካችንን እንቀበል፤ ጥቂትም ቢሆን በየቀኑ እናድርገው። የቀሩትን ወንድሞቻችንን ከመውቀስ በፊት ቁስላቸውን እንጠይቅ። በሚመጣው ረቡዕ ደግሞ ያቺ እኅታችን ከሥራ ሳትደርስ ቀድመን ሄደን ወንበሩን እንዘርጋ፤ ስትመጣም ይቅርታ እንጠይቃት።

ልምምዳችንን በስውር የሚያይ፣ ድሉንም በጸጋ የሚሰጠን አምላካችን፣ ያላሰብነው ቀን ሲመጣ ተዘጋጅተን እንድንገኝ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።